ሳይሞላ አይሄድም

እትዬን ያተረፍኳት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሌላ ነገር ቢያወራ አትስሙት። አባቴ "እኔ ጎማውን ባላይ ኖሮ" እያለ ሲያወራ ይውላል፤ እናቴ ደግሞ "እኔ ገና ከቤት ስንወጣ ደስ አላለኝም ነበር" ትላለች፤ ደስ ብሏት የምታውቅ ይመስል። እውነቱ ግን አንድ ነው፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲቀር የጮህኩት እኔ፣ የጎተትኩት እኔ፣ ያወረድኳትም እኔ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ጭንቅላቴ አልቆመም፤ ፍርሃት የሚባለውን ነገር ደግሞ ከነጭራሹ አላውቀውም።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔም የምውለው እሷ ዘንድ ነው። ጠርዝ እቀመቅማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዓይኗ ስለደከመ መርፌ ላይ ክር አስገባላታለሁ። "መርፌ" ብላ ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት። ቀጭን ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለደንበኛ ስትናገር ሰማኋት፦ "ኧረ የለም፣ ሳትጠራ ስለምትወጋ ነው።"

ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ስላጎነበሰች ወገቧ ወደ ግራ ዘሟል። ቆማም ወደ ግራ ነው፣ ተቀምጣም ወደ ግራ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት የሆነ ሰው ትከሻ ላይ የተደገፈች ትመስላለች፤ ሲቀርቧት ግን ማንም የለም።

ባሏ አናጢ ነበር። ነበር ያልኩት ሞቷል ብዬ አይደለም፤ ሞቷል ያለም፣ አለ ያለም የለም። እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ ጠዋት ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ መናኸሪያ ሄደ። በዚያው ቀረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የነበረችው ፀጉር ሠሪ ቤቷን ዘግታ ጠፋች። ሰፈር ምን ይጠብቃል፤ ሁለቱን በአንድ ክር ሰፋቸው። እትዬ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ግን ከዚያ ወዲህ እግሯ ፀጉር ቤት ረግጦ አያውቅም። ፀጉሯን የምትቆርጠው ራሷ ናት፣ በጨርቅ መቀስ።

ነገሩ የተጀመረው በፎቶ ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ እትዬ ወገቧን ስትለካ፣ እሷ ስልኳን እያገላበጠች ታሳየኛለች። "እዩልኝ የት እንደሄድን! አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ረዳት ግቢው ውስጥ አውቶቡስ አቁሞ፣ በሲሚንቶ ሰው ሠርቶ ሞልቶታል። ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሳል። ቁርጥ ሰው ናቸው እኮ!" ፎቶው ላይ ሴትዮዋ ጥርሷን ገልፍጣለች። ከትከሻዋ ኋላ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ የሲሚንቶ ሰውዬ ተቀምጧል።

እትዬ ሜትሩን ከሴትዮዋ ወገብ ላይ ለቀቀችው። ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"የደረት ኪሱ በቀኝ ነው" አለች።

አናጢው በግራ እጁ ነበር የሚሠራው። እርሳሱን በግራ እጁ መዘዝ እንዲያደርገው ብላ የጃኬቱን ኪስ በቀኝ በኩል የሰፋችለት እትዬ ናት። እንዲህ ያለ ጃኬት እዚህ ምድር ላይ አንድ ነው ያለው።

ማታ እናቴ ሰምታ "ስልክ እኮ ይገለብጣል፤ ግራውን ቀኝ ያደርጋል" አለች።

"የደንበኛዬ ሰዓት ፎቶው ላይም ግራ እጇ ላይ ነው ያለው" አለች እትዬ። "አልተገለበጠም።" ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "እሁድ ትወስደኛለህ። ከማን ጋር እንደሄደ ማወቅ እፈልጋለሁ። ብቻውን ይሁን ከእሷ ጋር ይሁን፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ያ ረዳት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ።"

ዝም ብላ ለኖረች ሴት ይህ ትልቅ ንግግር ነው። አባቴ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ያነሳል፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ስለ ጎማ ያልማል። እሁድ የአንድ ደንበኛውን ፒክአፕ ተውሶ መጣ። እትዬ የክት ልብሷን ለብሳ ጋቢና ተቀመጠች፤ እኔና እናቴ ከኋላ ወንበር። መንገዱን ሙሉ እናቴ ጆሮዬ ስር "ፀጉር ሠሪዋም በሲሚንቶ ተሠርታ አጠገቡ ብትኖር ምን ይውጠናል?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "ቢያንስ ፀጉሯ አይበላሽም" አልኳት። በክርኗ ወጋችኝ፤ ግን ሳቀች።

ቦታው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ በቀለም በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ "ይግቡ። ይቀመጡ። ዕቃዎን አይርሱ።" ይላል። ግቢው ውስጥ መንገድ አለ፤ እውነተኛ መንገድ አይደለም፣ በተሰባበረ ሳህን የተነጠፈ ነው፣ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። መንገዱ ዳር ከጠርሙስ ክዳን የተሠራ የመናኸሪያ ሰዓት ቆሟል፤ ቆጣሪዎቹ ማንኪያና ሹካ ናቸው። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። መንገዱ ግን ከአውቶቡሱ ፊት ተነስቶ ግቢውን ያቋርጥና ወደ ኋላ አጥሩ ይሄዳል፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ አይቆምም፣ ከአጥሩ ስር ይገባል። ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ አላየሁም። ብቻ ሳቄን መለስኩት።

አውቶቡሱ የድሮ ነው፣ አፍንጫው ወጣ ያለው ዓይነት። መስኮቶቹ መስታወት አይደሉም፤ አረንጓዴና ቡናማ የጠርሙስ ቂጦች በሲሚንቶ ተያይዘው ነው። በዚያ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ጥላ ጥላው ይታያል።

"አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!"

ረዳቱ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከአንገታቸው የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥለዋል፣ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው ደበደብ ደበደብ ያደርጋሉ፤ ሃምሳ ተሳፋሪ መናኸሪያው ውስጥ የሚጋፋ ይመስል።

"አባባ፣ እኛ እኮ አራት ነን" አልኳቸው።

"ጎብኚ ቆሞ ነው። የቀረው ወንበር አንድ ነው።"

"ሾፌሩስ?" አልኩ፤ በሾፌሩ ወንበር በኩል የሰው ጥላ እንደሌለ አይቼ።

"ሾፌር መቼ ቀድሞ ይመጣል? ሻይ ይጠጣል። ሲሞላ ይመጣል።"

እናቴ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

አባቴ ቀድሞ አልገባም። ጎማ ባለበት ቦታ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ለጎማው ነው። በርከክ ብሎ መታ መታ ሲያደርግ ትተነው ሄድን። ረዳቱ መጀመሪያ የወሰዱን ከአውቶቡሱ ጎን ወዳለችው ዳስ ነበር። የሚሠሩት እዚያ ነው፤ ሲሚንቶ በከረጢት፣ ብሩሽ፣ አሸዋ ወረቀት፣ የሽቦ ጥቅል። ጥግ ላይ በሽቦ ብቻ የታሰረ አካል ቆሟል፤ ፊት የለው፣ ልብስ የለው። ቁመቱን ሳየው ከእኔ ጋር እኩል ነው። ቀጭን ነው። አንዱ ትከሻው ከፍ ያለ ነው። የእኔም እንደዚያ ነው፤ ጨርቅ ስለምሸከም ነው።

"ይህቺ ደግሞ ማን ናት?" አልኩ።

"እሷ ዕቃዋን ገና አልረሳችም" አሉ ረዳቱ።

ሳላስበው የጆሮ ጌጤን ነካሁት። ሁለቱም አሉ። ፀጉር ማስያዣዬም አለ።

ከዚያ ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱን። ሰው አውቶቡስ ላይ ዕቃውን ይረሳል። የረዳት ሥራ ደግሞ ማስቀመጥ ነው። አስቀመጡ፣ አስቀመጡ፣ ማንም አልመጣም። ጡረታ ሲወጡ አለቃቸው "ጣለው" አላቸው፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ይዘው ወደ ቤታቸው መጡ።

"ባለቤት የሌለው ዕቃ እንቅልፍ አይሰጥም" አሉ። "ስለዚህ ባለቤት ሠራሁለት።"

ገባን። ውስጡ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ናፍጣ። ብርሃኑ በጠርሙሶቹ ውስጥ ስለሚያልፍ ሁላችንም አረንጓዴ ሆንን። ተሳፋሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። ጃንጥላ ታቅፋ የምታንቀላፋ ሴትዮ አለች። ሰው ሠራሽ ጥርሱን የረሳ ሰውዬ አለ፤ ጥርሱ አፉ ውስጥ ገብቶለት ፈገግ ብሏል።

"ጥርስ እንዴት አውቶቡስ ላይ ይረሳል?" አለች እናቴ።

"መንገዱ ጉድጓድ ነበረው" አሉ ረዳቱ።

ፈገግ ልል ስል ቀጥሎ ያለውን አየሁት። ጎረምሳ ነው፣ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቷል። ጣቶቹ ጫፍ ላይ አንዲት የሕፃን የላስቲክ ጫማ ተሰክታለች፤ ተረከዙ በሙሉ ውጭ ነው።

"ይሄ ልጅ ጫማው አልጠበበውም?" አልኩ።

"ሲረሳት ልክ ነበረች። አደገ እኮ" አሉ። ሰው ነገር ሲቆላለፍበት እንደሚያስረዱት፣ ቀስ አድርገው አስረዱኝ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ለሁሉም ስስ ሲሚንቶ ይደርቡላቸዋል። ሕፃኑን ያሳድጉታል፣ ለሽማግሌው መጨማደድ ይጨምሩለታል፣ ፀጉሩን ነጭ ይቀቡታል። "ሰው ያረጃል። ተሳፋሪ ነው ተብሎ ዝም ይባላል?"

ዞር ብዬ እትዬን ፈለግኳት። አጠገቤ አልነበረችም። ወደ መሃል ሄዳ ቆማለች፤ እጇ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው።

አናጢው መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። አረንጓዴው ጃኬት ክርኑ ላይ ሳስቷል። የቀኝ ኪሱ ውስጥ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ አለ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ የዓይኑ ቆብ ወርዷል፣ አገጩ ስር ቆዳው ላልቷል። እኔ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ፎቶ እንኳ የለውም። እትዬን ግን አውቃታለሁ። ፊቷን ሳይ እሱ መሆኑን አወቅኩ።

"ከእኔ ጋር ያረጀ ይመስላል" አለች፤ ለማን እንዳለች አላውቅም።

"ፊቱን እንዴት አወቁት?" አልኳቸው ረዳቱን። "አንድ ቀን ያዩትን ሰው?"

"ጃኬቱ ነገረኝ።"

"ጃኬት ስለ ሽበትም ያወራል?"

"እንደ አንቺ አፍ የለውም እንጂ ያወራል።"

እትዬ ወደ ረዳቱ ዞረች። ድምፅዋ ልብስ ስትለካ የምታወጣው ድምፅ ነበር፤ ቀጥ ያለ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ይሄ ሰው ጃኬቱን ሲረሳ ከማን ጋር ነበር?"

"ይሄ አልረሳም" አሉ ረዳቱ። "ሁሉም ረስቷል፣ ይሄ ብቻ ነው ያልረሳው። ብቻውን መጣ። መስኮት ጋ ተቀመጠ። ጃኬቱን አውልቆ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አኖረ፤ እዚህ በቀኙ። ሰው ሲመጣ 'ሰው አለው' ይላል። አንዱ ይመጣል፣ 'ሰው አለው'። ሌላው ይመጣል፣ 'ሰው አለው'። መኪናው ሞላ። እኔም 'ወንድሜ፣ ሰውህ የታል?' አልኩት። 'ትመጣለች፤ ልይላት' ብሎ ወረደ። ሾፌሩ አልጠበቀም። ወንበሩ ባዶውን ሄደ፣ ጃኬቱ ላዩ ላይ።"

"ለማን ነበር የያዘው?" አለች እትዬ።

ለዚህች ጥያቄ ነው እኮ የመጣነው።

"አልጠየቅኩም። ሰው አለው ካለ፣ ሰው አለው ነው።"

"ፀጉር ሠሪዋ ናት እንግዲህ" አለች እናቴ ከጥርሷ ስር። እንዲሰማ አልፈለገችም መሰለኝ፤ ግን ሲሚንቶ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይሰማል።

እትዬ አልተቆጣችም። "ያን ቀን አብረን እንሂድ ብሎኝ ነበር" አለች። ይህን ስትናገር ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። "የሙሽራ ቀሚስ ይዤ ነበር። ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም አልኩት። ተናዶ ወጣ። ከዚያ ጠርዙን ቀምቅሜ፣ ቀሚሱን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ በጓሮ መንገድ መናኸሪያ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ሄዷል። እሱም የለም። ተሳፍሮ ሄዷል ብዬ ተመለስኩ።"

"እሱ በፊት ለፊቱ መንገድ ነው የሄደው" አሉ ረዳቱ። "በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ከዚያስ?" አልኩ እኔ። "ከመናኸሪያ እስከ ቤት እኮ ቅርብ ነው። የት ገባ?"

"እኔ የማውቀው ከወንበሩ እስከ በሩ ያለውን ነው፣ ልጄ።"

ረዳቱ ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው የአናጢውን ትከሻ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። የቀኝ ትከሻውን። እዚያ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ ሲሚንቶው ተፈግፍጎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል።

"ይህቺን እኔ አልሠራኋትም" አሉ። "በየዓመቱ እሞላታለሁ። በየዓመቱ ትጎደጉዳለች።"

ያን ጊዜ ከውጭ አባቴ ተጣራ። "ይሄ መኪና ስንት ዓመቱ ነው የቆመው?" ድምፁ በጠርሙሶቹ ውስጥ ሲመጣ ከውኃ ስር የሚናገር ይመስላል። "ጎማው እኮ ሙሉ ነው። ሙቅ ነው ደግሞ!"

"ፀሐይ ነው እንጂ!" አልኩት።

"በጥላ በኩል ያለውም?"

ለእሱ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እትዬ ተቀመጠች።

ማንም ተቀመጪ አላላትም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ታክሲ ላይ እንደምትቀመጠው፣ አጠገቡ ቁጭ አለች። ወገቧ ወደ ግራ እንደለመደው ዘመመ። ጭንቅላቷ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ የጎደጎደችዋ ቦታ ላይ አረፈ። ልክክ አለ። እኔ ልብስ ልኬት አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ለክተው ሰፍተው እንኳ እንደዚያ አይገጥምም። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተፈታ፤ ይህን ያህል ዘመን ጥርሷን ነክሳ ኖራ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

"ለእኔ ነው የያዘው" አለች።

ረዳቱ ቀና አሉ። አጎንብሰው የነበሩት ሽማግሌ ቀጥ አሉ። የተሳፋሪውን ረድፍ ከኋላ እስከ ፊት በዓይናቸው ሄዱበት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ሞላ!" አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለእኛ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ "ሞልቷል! ሾፌር! ሞልቷል!" ብለው ተጣሩ። የአውቶቡሱን ጎን ጧ ጧ አደረጉት። "ጎብኚ ይውረድ፣ ጎብኚ ይውረድ! ቆሞ መሄድ የለም!"

እናቴ ለመውረድ ጥያቄ አላበዛችም። በሩ ላይ ሆና "ነይ ውረጂ! እትዬ፣ ነይ ቀልዱ ይበቃል!" ትላለች። እኔ ብረቱን ይዤ ቀረሁ። እትዬን "ተነሺ እንሂድ" አልኳት። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይከብዳል። ክንዷን ሳብ አደረግኩ፤ ንቅንቅ የለም። ግድግዳ የምጎትት ነው የመሰለኝ።

ረዳቱ በሩን ዘጉት። እናቴን ውጭ ትተው ዘጉት።

የሾፌሩ በር ተከፈተ። እኔ ያየሁት በር አይደለም፣ የሰማሁት ነው፤ ዘይት የሚያስፈልገው በር የሚያወጣውን ድምፅ። ከዚያ አውቶቡሱ በግራ በኩል ዝቅ አለ፤ ከባድ ሰው ሲወጣበት እንደሚያደርገው። በሩ ተዘጋ። ከፊት ከላይ መስታወት ተሰቅሏል፤ ሾፌር ተሳፋሪ የሚያይበት። አላየሁትም። ፈርቼ አይደለም፤ እትዬን መጠበቅ ስለነበረብኝ ነው።

የሴትዮዋ ጃንጥላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ የሰውዬው ጥርስ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የሕፃን ጫማዋ ከጎረምሳው ጣት ላይ ወደቀች። ናፍጣው ሸተተ። ከእግሬ ስር የሆነ ነገር ተነስቶ በጉልበቴ ወጣ። በጠርሙሶቹ መስኮት የመናኸሪያው ሰዓት ጥላ ይታይ ነበር፤ ጥላው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

"አባዬ!" አልኩ። "እማዬ!" አልኩ። "ይቁም!" አልኩ። "በእናትዎ ያስቁሙት!" አልኩ። ረዳቱ በሩ ጋ ቆመው ከቦርሳቸው ቲኬት ይገነጥላሉ። አልሰሙኝም። እንደማይሰሙ ሆነው አይደለም፤ የሥራ ሰዓታቸው ነው፣ በሥራ ሰዓት ደግሞ እንደዚህ ያለ ጩኸት ለረዳት ምኑም አይደለም። ስንቱ ሰው ስንት ነገር ሲጮህባቸው ኖረዋል።

እንግዲህ ጭንቅላቴ አልቆመም ያልኩት ለዚህ ነው። በሆዴ ውስጥ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ ጮህኩ፦

"ወራጅ አለ!"

ረዳቱ ቀና አሉ። እጃቸው፣ አእምሯቸው ሳያዘው፣ ጎኑን አንዴ መታ አደረገ። "ወራጅ!" አሉ ወደ ፊት። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ጥርሱ ቆመ፣ ጃንጥላው ቆመ። በሩን ከፈቱት፤ በትሕትና፣ ጎንበስ ብለው።

"ስንት ወራጅ ነው?"

"ሁለት!" አልኩ። "እኔና እሷ!"

ረዳቱ እትዬን አዩዋት። "እርስዎም ወራጅ ነዎት?"

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፣ ከዚያ እኔን። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ፊቴ ሁሉ ርሶ ነበር፤ ሲሚንቶ ያለበት ቦታ አቧራ አይጠፋም። በእጇ ጉንጬን ጠረገችልኝ። እጇ ሞቅ ብሏል። ቀስ ብላ ተነሳች።

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ስንራመድ መሬቱን አላምነውም ነበር፤ ግን የመናኸሪያው ሰዓት እዚያው ነበር፣ ግቢው እዚያው፣ እናቴም በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አባቴ ከጎማው ጋ ተነስቶ "ምንድን ነው ያነቃነቃችሁት?" አለ። አውቶቡሱ ከነበረበት ስንዝር ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ጎማው የቆመበት ሳህን ተሰባብሯል። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት፤ አባቴን ጠይቁት፤ ስለ ጎማ አይዋሽም።

መሬት ከረገጥን በኋላ እትዬ እጄን አስለቀቀችኝ። "ቆይ አንዴ" አለች። ተመልሳ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ እንዳይዘጋ። የአንገት ልብሷን ፈታች። የራሷ ስፌት ነው፣ ግራጫ፣ ጠርዙን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ። አጣጥፋ ከአናጢው አጠገብ ባዶው ወንበር ላይ አኖረችው። በመዳፏ አስተካከለችው።

"ሰው አለው" አለቻቸው ረዳቱን።

ረዳቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ ለማንም ሳይሆን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንድ ሰው" አሉ። "አንድ ሰው ብቻ የቀረው።"

ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ እትዬ ውጭ ውጭውን ታያለች። እናቴ "ያቺን ፀጉር ሠሪ እንግዲህ በከንቱ አምተናታል" አለች። አባቴ አሁንም አሁንም ስለ ሙቅ ጎማ ያነሳል፤ "ይሆናል እኮ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ ሙቀት አለው" ይላል፤ ሲሚንቶና ጎማ ምን አገናኛቸው ሳይባል። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ጠጋ አልኩ። 

"እትዬ፣ ምናለ እንኳ አንዴ 'ተባረኪ' ብትይኝ?" አልኳት። "ሌላው ሁሉ ፈርቶ ሲሮጥ ማን ቀረ? እኔ! እኔ ባልጮህ ኖሮ ይሄኔ ሲሚንቶ ሆነሽ ነበር።"

እትዬ ዞራም አላየችኝ።

"አንቺ ባትጮሂ ኖሮ" አለች፣ "ይሄኔ ደርሼ ነበር።"